ኢንች ወይስ ሚሊ? ለቤት ውስጥ ማሽን ሠሪዎች ጥያቄና መልስ

ስሪዲ ፕሪንተር፣ ትንሽ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ ማሽን)፣ የእምቦጭ መክተፊያ እየሠራችሁ ጥያቄ የላካችሁልኝ ብዙ ናችሁ። አብዛኛው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ብሎን ላይ ያርፋል። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው በኢንች ነው፣ ባሕር ዳር ሱቅ ያለው በሚሊ ነው፣ ሁለቱ አይገናኙም። ኤም 8 ሲባል ውፍረቱ 8 ሚሊ የሆነ የሚሊ ብሎን ማለት ነው፤ ኤም 5ም እንዲሁ ባለ 5። በተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ወንድሜ ከአሜሪካ አንድ ካርቶን ብሎን ላከልኝ። እዚህ የገዛሁት ኤም 8 ዳዶ ውስጥ ሁለት ዙር ይገባና ቀጥ ይላል። በጉልበት ላጥብቀው? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ዳዶውንም ብሎኑንም ታበላሻለህ። የያዝከው የ5/16 ኢንች ብሎን ይመስለኛል። ውፍረቱ 7.94 ሚሊ ስለሆነ በዓይን ከኤም 8 አይለይም። የሚለየው ጥርሱ ነው። ብሎኑን ማስመሪያ ላይ አጋድመው። ከአንዱ ጥርስ ጫፍ ተነስተህ አሥር ጥርስ ወደፊት ቁጠር። 12.5 ሚሊ ላይ ካረፍክ ኤም 8 ነው። 14 ሚሊ ካለፍክ የኢንች ነው። ጭንቅላቱንም እየው። የሚሊ ብሎን ብዙ ጊዜ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር አለው። የአሜሪካው ጠንካራ ብሎን ቁጥር ሳይሆን ጭረት ነው ያለው፤ ሦስት ወይም ስድስት።

ጥያቄ፦ እኔ ግን 10-32 የሚባለውን የአሜሪካ ብሎን ኤም 5 ዳዶ ውስጥ አስገባሁት፤ ሰተት ብሎ ገባ። ታዲያ ልጠቀምበት? (ከፖሊ አካባቢ)

መልስ፦ ከሁሉም ጥያቄ ይህን በደንብ አንብቡልኝ፤ አደገኛው ይኼ ነው። እምቢ ብሎ የሚቆም ብሎን ቢያንስ ያስጠነቅቅሃል። ይኼኛው ግን ዝም ብሎ ይገባል። በ10-32 ጥርስና ጥርስ መካከል 0.794 ሚሊ አለ፤ በኤም 5 ደግሞ 0.8። ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም። የብሎኑ ውፍረት ግን 4.83 ሚሊ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥርሱ የዳዶውን ጥርስ ጫፍ ጫፉን ነው የሚይዘው። በእጅህ ስታጠብቀው ደህና ይመስላል። ሞተሩ ሲነሳና ማሽኑ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ይላላል፤ ጠበቅ ስታደርገው ደግሞ ጥርሱ ይላጣል። መለየት ቀላል ነው፤ ዳዶውን ሦስት ዙር አስገብተህ ወደ ጎን ወዝውዘው። የሚጫወት ከሆነ አውጣው። ሁለቱን ዓይነት በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ አታስቀምጥ፤ አንዴ ከተቀላቀሉ የምትለያቸው አንድ በአንድ እየለካህ ነው።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ አሁን ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። እዚህ ኤም 3 እና ኤም 5 ሳገኝ ዋጋው እሳት ነው። የት ልፈልግ?

መልስ፦ አሜሪካ በ1975 ወደ ሜትሪክ የሚወስድ ሕግ አውጥታ ነበር፤ ግን በፈቃደኝነት ስለነበር ሱቁ በኢንች ቀረ። ሆም ዲፖና ሎውስ ውስጥ የሚሊ ብሎን አለ። በትንንሽ ከረጢት ስለሚሸጡት ነው የሚወደደው። ኤስ ሃርድዌር ሄደህ መሳቢያዎቹን ብታይ የተሻለ ምርጫ ይኖራል። ለቸኮለ ሰው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ጥሩ ነው፤ የዛሬ መኪኖቻቸው በሚሊ ናቸው። ብስክሌት ቤትም ኤም 5 አይጠፋም፤ የውሃ ጠርሙስ መያዣው የሚታሰረው በእሱ ነው። ብዛት ከፈለግህ ግን ከማክማስተር ካር ወይም ከሌላ የኦንላይን ሻጭ መቶ መቶ የያዘ ፓኬት እዘዝ። አንዱ ብሎን በጣም ይረክሳል።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ ልትመጣ ነው። ብሎን ላስመጣ?

መልስ፦ ተይ፣ ሻንጣዋን በብረት አትሙይባት። ኤም 6 እና ኤም 8 እዚሁ ባጃጅ መለዋወጫ ቤት ሞልቷል፤ ባጃጅ ሙሉ በሙሉ ሚሊ ነው። ቀላልና እዚህ የሚያስቸግሩትን አስመጪ፦ አጫጭር ኤም 3፣ ለአልሙኒየም ፕሮፋይል (የማሽን ፍሬም የሚሠራበት ባለ ቦይ አልሙኒየም) የሚሆኑ ዳዶዎች፣ ጥራት ያለው ጥርስ ማውጫ። ፕሮፋይሉ ስንት በስንት እንደሆነ ግን ቀድመሽ ንገሪያት። እዚያ የ1 ኢንች ፕሮፋይልም አለ፤ የእሱ ዳዶ ለ20 በ20 ሚሊው አይሆንም። ሱቅ ስትሄጂም «የ10 ብሎን» ብለሽ አትጠይቂ። አንዱ ሻጭ በ10 ቁልፍ የሚፈታውን ኤም 6 ይሰጥሻል፣ ሌላው ኤም 10። ናሙና ይዘሽ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ያገኘሁት የሲኤንሲ ፕላን ሙሉ በሙሉ በኢንች ነው። እያንዳንዱን በ25.4 ላባዛ?

መልስ፦ የፍሬሙን ርዝመት አባዛ፤ ብሎኑን ግን አታባዛ፣ ቀይረው። 1/4 የሚለውን ኤም 6፣ 5/16ን ኤም 8፣ 3/8ን ኤም 10 አድርገው። ጥርስ የሚወጣለት ቀዳዳም አብሮ ይቀየራል፦ ለኤም 6 ባለ 5 ፑንታ፣ ለኤም 8 ባለ 6.8። 1/2 ኢንችን በኤም 12 ስትተካ ብሎኑ ትንሽ ይቀጥናል፤ ከባድ ጭነት ያለበት ቦታ ከሆነ ከፍ አድርግ። ሞተሩን ሳትለካ ግን ምንም አታስበሳ። ኔማ 17 የሚባለው የሞተር መጠን ባለ 5 ሚሊ ሻፍት (የሚዞረው ዘንግ) ነው የሚመጣው፤ ኔማ 23 ግን ብዙ ጊዜ 6.35 ሚሊ ነው፤ ማለትም ሩብ ኢንች።

ጥያቄ፦ ለእምቦጭ መክተፊያ የመስኖ ፓምፕ ሞተር ወሰድኩ። ቶርኖ ቤት በ20 ሚሊ ያስበሳሁት ፑሌጃ ሻፍቱ ላይ ይወዛወዛል። (ከጎርጎራ)

መልስ፦ ሻፍቱ የ3/4 ኢንች ነው፤ 19.05 ሚሊ። እነዚህ ትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች ቻይና ተሠርተውም ብዙዎቹ በኢንች ናቸው። ሻፍቱ ቦይ ውስጥ የምትገባው ትንሿ ብረትም 4.76 ሚሊ ናት። ላሜራ ጠቅልለህ ለመሙላት እንዳትሞክር፤ ምላጭ የሚያዞር ማሽን ነው፣ ሰው ይጎዳል። ቶርኖ ቤቱ በሌላ ፑሌጃ ይሥራልህ፤ ሞተሩን ራሱን ይዘህ ሂድና ባለሙያው በካሊፐር ይለካ።

ጥያቄ፦ ፕሪንተሬ 100 ሚሊ ያልኩትን 101.6 አድርጎ ያወጣል። በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ነው።

መልስ፦ ቺንጋህ የኢንች ነው። ጂቲ2 የሚባለው ቺንጋ ከጥርስ ጥርስ 2 ሚሊ ነው። ኤምኤክስኤል የሚባለው 2.032 ነው፤ የ1.6 በመቶው ልዩነት ከዚያ ነው የመጣው። ቺንጋውንም ፑሌጃዎቹንም አብረህ በጂቲ2 ቀይር። እስኪመጣልህ ድረስ ሶፍትዌሩ ላይ ለአንድ ሚሊ የተሰጠውን የሞተር እርምጃ ቁጥር ለ1.016 አካፍለህ አስገባው፤ ልኩን ይሰጥሃል።