ድቡን የጠራው የእኛ ድስት ነበር

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ነው። በመጪው ሐምሌ ከልጆቼ ጋር ወደ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ሄደን ሦስት ሌሊት በድንኳን ለማደር አስበናል። ያደግሁት የጅብ ጩኸት እየሰማሁ ነው፤ ድብን ግን ከሥዕል በቀር አላየሁም። አንዱ «ሩጪ» ይለኛል፣ ሌላው «የሞትሽ ምሰዪ» ይለኛል። እርስዎ ለብዙ ዓመታት በእነዚያ ተራሮች ስለተመላለሱ የሚያውቁትን ቢነግሩኝ?
እናት፣ ከኦሮራ

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ አይሩጡ። ድብ በሰዓት እስከ 56 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ ይችላል፤ ዛፍ ላይ መውጣትም አያድንም፣ ጥቁር ድብ በዚያ ከሰው ሁሉ ይበልጣልና።

የመጀመሪያውን ድብ ያየሁት አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው። ከጓደኞቼ ጋር እዚያው ኮሎራዶ ተራራ ላይ ድንኳን ተክለን፣ ከራት የተረፈውን ዶሮ ወጥ ከነድስቱ ጠረጴዛ ላይ ትተን ተኛን። ሌሊት የድስቱ ክዳን ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ነቃሁ። ባትሪ ሳበራ ድቡ ድስቱን በሁለት መዳፉ አቅፎ ይልሳል፤ ዓይኑን አንሥቶ አየኝና መላሱን ቀጠለ። ስንጮኽና ሳህን ስንቀጠቅጥ ቀስ ብሎ ወደ ጫካው ገባ። በሳምንቱ ያው ድብ የሌሎችን ድንኳን ቀድዶ እንደተገደለ ሰማን። ለሞቱ ምክንያት እኛ ነበርን፤ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድብ በብርድ ወራት ዋሻው ውስጥ ሳይበላና ሳይጠጣ ስለሚከርም፣ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት በቀን እስከ 20 ሺህ ካሎሪ ይበላል፤ ምግብ ያገኘበትን ቦታም አይረሳም። በየሎውስቶን ራሱ ሰዎች ለዓሥርተ ዓመታት ድቦች ከቆሻሻ መጣያ ሲበሉ ለማየት ይሰበሰቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ መጣያዎቹ ሲዘጉ፣ የለመዱትን ፍለጋ ወደ ሰው የቀረቡ ብዙ ግሪዝሊዎች (ትልልቅ ቡናማ ድቦች) ተገደሉ፤ በ1975 ግሪዝሊ በሕግ ጥበቃ ሥር ገባ። ስለዚህ በርበሬውን፣ ቅቤውን፣ የጥርስ ሳሙናውንና የልጆቹን ቅባት ሳይቀር ማታ ማታ መኪና ውስጥ ወይም በየካምፑ በሚገኘው የብረት ሣጥን ይቆልፉ፤ ምግብ ያበሰሉበትን ልብስም ለብሰው አይተኙ።

ከግሪዝሊ ጋር ፊት ለፊት የተገናኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እዚያው የሎውስቶን፣ የመንገድ መታጠፊያ ላይ ነው። እናቲቱ ሁለት ግልገሎች አስከትላለች። ትከሻዋ ላይ እንደ በሬ ሻኛ ያለ ጉብታ አለ፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ መንጋጋዋን ቋ ቋ ታደርጋለች። የድብ ስፕሬዩን፣ ማለትም ድብን የሚመልሰውን የሚያቃጥል ርጭት፣ ከቀበቶዬ አውጥቼ፣ ዝግ ባለ ድምፅ እያናገርኋት፣ ፊቴን ሳላዞር ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ያናገርኋት በአማርኛ ነበር፤ ሌላ ቋንቋ አልመጣልኝም። ግልገሎቿን ይዛ ሄደች።

የድብ ስፕሬይ የሚያቃጥለው ሚጥሚጣ በሚያቃጥልበት በዚያው ንጥረ ነገር ነው። ድቡ ወደ 9 ሜትር ሲቀርብ ፊት ለፊቱ ዝቅ አድርገው ይረጩት፤ ድንኳንና ልብስ ላይ ግን ፈጽሞ አይቀባም። ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን እጅዎ በሚደርስበት ቦታ ይያዙት፣ በፀሐይ በሚግል መኪና ውስጥም አይተዉት።

«የሞትሽ ምሰዪ» የተባሉት በአንድ ሁኔታ ልክ ነው፦ ግልገሏን ወይም ራሷን ልትከላከል የመጣች ግሪዝሊ ከነካችዎት በሆድዎ ተኝተው፣ እጅዎን ማጅራትዎ ላይ አቆላልፈው ዝም ይበሉ። ጥቁር ድብ ቢያጠቃ፣ ወይም የትኛውም ድብ ሌሊት ድንኳን ቢገባ፣ ባገኙት ነገር ሁሉ ይታገሉ። በሩቁ ካዩት ደግሞ ቢያንስ 91 ሜትር መራቅ የፓርኩ ሕግ ነው፤ ለፎቶ ብለውም አይጠጉ።

በእግር ስትሄዱ ልጆቹን መሐል አድርጉ፤ ወደ ፊት እንዳይሮጡ፣ እንዲያወሩና እንዲዘፍኑ ፍቀዱላቸው። ድብ ሰው እንደሚመጣ ከሰማ አብዛኛውን ጊዜ ሳታዩት ይሄዳል።