ስለ ደርቲ ፓይፕ ጠየቃችሁ፣ እነሆ መልሱ

ስለ ሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) የደህንነት ክፍተቶች ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ የ2022ቱን ደርቲ ፓይፕ የሚመለከት ሆነ። ይሁን፣ እኔም የምወደው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ በቀላሉ ንገረን፣ ምንድን ነው የሚያስችለው?

ማንበብ ብቻ የተፈቀደለት ተራ ተጠቃሚ ፋይሉ ላይ ይጽፍበታል። የተጠቃሚዎች ዝርዝር ያለበትን የፓስወርድ ፋይል ማንም ያነበዋል፣ የሚጽፍበት ግን ሩት፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ፣ ብቻ ነው። እዚያ ላይ መጻፍ ከቻለ ሩት ሆነ ማለት ነው። አለቀ።

ጥያቄ፦ ማን አገኘው? እንዴትስ?

ማክስ ኬለርማን የተባለ ፕሮግራመር ነው። 2021 ላይ አንድ የመሥሪያ ቤቱ ደንበኛ «ያወረድኩት የሎግ ፋይል (የጉብኝት መዝገብ) አልከፈት አለኝ» ብሎ ያመለክታል። ፋይሉ በጂዚፕ የታመቀ ነው፣ ተበላሽቷል። ኬለርማን ፋይሉን ጠግኖ ጉዳዩን ዘጋው። ችግሩ ግን በየጊዜው ተመለሰ። የተበላሹትን ሲያስተያይ ሁሉም መጨረሻቸው ላይ ያለው 8 ባይት ተቀይሯል፣ የተተካውም በአንድ ዓይነት ባይቶች ነው። ባይቶቹ የዚፕ ፋይል ማውጫ (በውስጡ ያሉት ፋይሎች ዝርዝር) መጀመሪያ ናቸው! አብዛኞቹ ደግሞ የወሩ የመጨረሻ ቀን ሎጎች ነበሩ። ሰርቨሩ የወሩን ሎጎች በአንድ ዚፕ አድርጎ ለደንበኛው ሲልክ፣ ከመጨረሻው ቀን ፋይል ቀጥሎ የሚጻፈው ማውጫው ነው። ግን ዚፑን የሚሠራው ፕሮግራም ሎጎቹ ላይ የመጻፍ ፈቃድ የለውም። ስለዚህ ጥፋተኛው ከርነሉ ነው ማለት ነው።

ለማረጋገጥ ሁለት ትንንሽ ፕሮግራሞች ጻፈ። አንዱ ፋይል ላይ «ኤ» ይጽፋል፣ ሌላው ያንን ፋይል ወደ ፓይፕ (መረጃ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የሚያልፍበት ቱቦ) ልኮ ፓይፑ ላይ «ቢ» ይጽፋል። «ቢ» ፋይሉ ውስጥ ተገኘ።

ጥያቄ፦ ኮዱ ላይ ስህተቱ የቱ ጋ ነው?

ከርነሉ ያነበበውን ፋይል ቅጂ ራም ላይ ያስቀምጣል። ስፕላይስ የሚባለው ጥሪ ያንኑ የራም ገጽ ሳይገለብጥ ለፓይፑ ይሰጠዋል። ፓይፑ ላይ «እዚሁ ገጽ ላይ ቀጥለህ መጻፍ ትችላለህ» የሚል ምልክት አለ። ለአዲሱ ገጽ ምልክቱ መጥፋት ነበረበት፣ አልጠፋም። ተከራይ ሲቀየር ቁልፉን እንደነበረ መተው በሉት። ምልክቱን አለማጥፋቱ የ2016 ኮድ ነው፣ ያኔ ጉዳት አልነበረውም። አደገኛ የሆነው 2020 ላይ በከርነል ስሪት 5.8 ነው። መፍትሔውም ሁለት ቦታ ላይ አንዳንድ መስመር መጨመር ብቻ!

ጥያቄ፦ ስልኬ አሮጌ አንድሮይድ ነው፣ ያሰጋኛል?

ከርነሉ 4 ምናምን ከሆነ በዚህኛው አይነካም። የተነኩት ያኔ አዲስ የነበሩት እንደ ጋላክሲ ኤስ22 እና ፒክስል 6 ያሉ ናቸው። አሮጌው ስልክ ሌላ ክፍተት ሞልቶታል፣ አትኩራራ።

ጥያቄ፦ የከርነሌ ቁጥር 5.13 ነው የሚለው። ተበላሁ?

የግድ አይደለም። ዋናው ከርነል የተስተካከለው በ5.16.11፣ በ5.15.25 እና በ5.10.102 ነው። እንደ ኡቡንቱ ያሉ የሊኑክስ አከፋፋዮች ግን ቁጥሩን ሳይቀይሩ ማስተካከያውን ብቻ ይጨምራሉ። የአከፋፋይህን የደህንነት ማስታወቂያ እይ።

ጥያቄ፦ ፋየርዎል አለን፣ አይበቃም?

ክፍተቱ ከሩቅ አይሠራም፣ ማሽኑ ላይ ኮድ ማስኬድ ይፈልጋል። ግን አንድ የተበሳ ድረ ገጽ ካለህ አጥቂው ገብቷል። ፋየርዎሉ ከዚያ በኋላ ምን ያደርግልሃል?

ጥያቄ፦ ተጠቅተን እንደሆነ በምን እናውቃለን?

ይሄ ከባድ ነው። ለውጡ ራም ላይ ብቻ ሊቀር ይችላል። ማሽኑ ሲነሳ ዲስኩ ላይ ያለው ንጹህ ፋይል ይመለሳል፣ ዱካውም አብሮ ይጠፋል። ከጠረጠራችሁ ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት የራሙን ቅጂ ውሰዱ።