ሜዳ ላይ ኮንሰርት፦ የት እንቁም?

ጥያቄ፦ በዚህ በጋ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ኮንሰርት ልንሄድ ነው። ባለፈው ከፊት ቆመን ቤዙ ደረታችንን እየመታ ግጥሙ አልሰማ አለን። የት ብንቆም ይሻላል?

መልስ፦ የድምፅ ባለሙያው ሚክሰሩን ከዘረጋበት ድንኳን ትንሽ ቀደም ብላችሁ፣ ከመድረኩ መሀል ትይዩ ቁሙ፤ ድምፁ የሚስተካከለው እዚያ በሚሰማው ልክ ነው። መድረኩ ሥር የቤዝ ስፒከሮቹ መሬት ላይ ሲሆኑ የዘፋኙን ድምፅ የሚያወጡት ከላይ ይሰቀላሉ፤ ስለዚህ ቤዙ ግጥሙን ይውጠዋል። በጣም ከራቃችሁም ነፋስ ድምፁን ያዛባዋል። 100 ሜትር ላይ የከበሮው ምት ከምታዩት 0.3 ሰከንድ ገደማ ይዘገያል።

ለጆሮ ጥጥ አይበቃም፤ ከፋርማሲ የስፖንጅ መድፈኛ ግዙ፣ አጥብቃችሁ ጠቅልላችሁ አስገቡና እስኪነፋ በጣታችሁ ያዙት። ልጆች ካሉ በፍጹም ስፒከር አጠገብ እንዳይቆሙ! ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ስለሚከፋ ጋቢ አይቅር። የመልስ ታክሲም ቀድማችሁ ተነጋገሩ።