የአያቴ ቤትና የብርቱካን ጓሮው ቅርስ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ቡሬ ከተማ ውስጥ አያታችን የሠሩት የድንጋይ ቤት አለን። ጓሮው ብርቱካን፣ ትርንጎ፣ ኮክና ቡና ነው። አባታችን ካረፉ በኋላ ውርሱን አልተካፈልንም፤ አራት ወራሾች ነን። ሁለቱ ወንድሞቼ ቤቱን አፍርሰው፣ ዛፉን ቆርጠው ቦታውን ሊሸጡት ነው። እኔ ቅርስ ነው እላለሁ። እነሱ ደግሞ «ቅርስ ከተባለ መንግሥት ይወስድብናል» ይላሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከላኩልኝ ፎቶዎች መሀል ዓይኔ የቀረው በሩ ላይ ነው። የወይራው መቃን መጥረቢያ ያረፈበት ምልክት አሁንም ይታይበታል። የብርቱካኑ ቅርንጫፍ ደግሞ በረንዳውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ከወንድሞችዎ ስጋት ልጀምር፤ ብዙ ቤት የሚያስፈርሰው እሱ ነውና። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅም ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል። ቤቱ ቢመዘገብ ባለቤቶቹ እናንተው ናችሁ። የሚመጣው ግዴታ ነው፦ በራስ ወጪ መንከባከብ፣ ከማደስ በፊት ማስፈቀድ። ወጪው ከአቅም በላይ ከሆነ መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን ይችላል። ለሕዝብ ጥቅም ንብረት የመውሰድ ሥልጣን ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ አለ፤ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ተከፍሎ። ያ ሥልጣን ግን ቅርስ ላልተባለ ቤትም ይሠራል።

ጓሮው ነው የሚያሳስበኝ። ሕጉ ስለ ሕንፃ በግልጽ ይናገራል፤ ስለ ብርቱካን ዛፍ ግን እንደዚያ አይናገርም። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ ሁለቱን አይነጣጥሏቸው። የጣና ዳሯን ዘጌን ያየ ሰው ይገባዋል፤ የቡናው ደን ቢመነጠር ገዳማቱ እንደ ዱሮው ይሆናሉ? የቤቱን የይዞታ ካርታም አውጥተው ይዩት። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ለመኖሪያ የሚፈቀደው እስከ 500 ካሬ ሜትር ነበር። ጓሮው ካርታው ውስጥ ከሌለ፣ ክርክርዎ ከወንድሞችዎ ጋር ብቻ ሳይሆን ከመንግሥትም ጋር ሊሆን ይችላል።

ሽያጩን በተመለከተ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1266 የጋራ ንብረትን ለመሸጥም ሆነ አገልግሎቱን ለመቀየር የሁሉንም ባለቤቶች ስምምነት ይጠይቃል። እርስዎ ካልፈረሙ ሁለቱ ብቻቸውን ሙሉውን መሸጥ አይችሉም። የወራሽነት ማስረጃዎን ይዘው ክስ ይመሥርቱ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረትም እግድ ይጠይቁ። መጋዝ የነካው ዛፍ በፍርድ አይመለስም፤ እግዱ ይቅደም።

ጎን ለጎን የከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። በአዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርስ በብሔራዊና በክልል ደረጃ ይመደባል፤ የእናንተ ቤት በክልል ደረጃ ቢታይ ይቀለዋል ብዬ አስባለሁ። ቤቱ መቼ እንደተሠራ፣ ማን እንደገነባው፣ ዛፎቹን ማን እንደተከለ ይጻፉ። ይህን የሚያውቁ የሰፈር ሽማግሌዎች ካሉ፣ በሕይወት እያሉ ቃላቸውን ይቅረጹ። ወንድሞችዎንም ይህን መልስ አስነብቧቸው፤ የፈሩት ነገር እንዳሰቡት እንዳልሆነ ሲያዩ ሐሳባቸውን ሊቀይሩ ይችላሉ።