ከመቁረጫው ሥር ያለው ክምር

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት ጅማ ውስጥ በጥረዛ ሥራ ነው። የሒሳብ መዝገብ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የተገነጣጠለ ቁርኣን፣ የተገነጣጠለ ዳዊት፣ ያልጠረዝኩት የለም። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። እጄ ግን አርፎ መቀመጥ አልለመደም።

ባለፈው ሰሞን አንዲት የሰፈር ልጅ ከፎቶ ኮፒ ቤት የለቀመችውን ቁራጭ ወረቀት በከረጢት ሞልታ መጣች። «ጋሼ፣ ከዚህ ምን ልሥራ?» አለችኝ። ስልኳ ላይ የወረቀት አበባና የወረቀት ቢራቢሮ አሳየችኝ። ያምራል። «ማን ይወስደዋል?» አልኳት። ዝም አለች።

ማሳዘኔ ነው መሰለኝ፣ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። አበባ አትሥሩ አላልኩም። ለእንቁጣጣሽ ወይም ለዒድ ለጎረቤት የሚሰጥ ካርድ ላይ ትለጥፉት እንደሆነ ጥሩ ነው፣ የሚወስደው ሰው አለ። ከሳምንት በኋላ የሚጣል ጌጥ ከሆነ ግን ወረቀቱን የጣላችሁት ኮላና ጉልበት ጨምራችሁ ነው። ስለዚህ ከሐሳቡ አትነሡ፤ ከቁራጩ ተነሡ።

ከረጢቷን ዘረገፍነው። አብዛኛው አንድ ዓይነት ቁራጭ ሆኖ ተገኘ። የሠርግ መጥሪያ ሲሠራ ኤ ፎር ወረቀት አራቱም ጎኑ እኩል 21 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ይቆረጣል። ወረቀቱ 29.7 ስለሚረዝም 8.7 በ21 የሆነ ቁራጭ ይተርፋል። ከ500 ወረቀት 500 ቁራጭ ማለት ነው፤ በሚዛን ከሰባት መቶ ግራም በላይ። ይህ ደግሞ ንጹሕ፣ ያልተጻፈበት ወረቀት ነው።

ስምንቱን ደርባችሁ መሐል ለመሐል እጠፏቸው። 32 ገጽ ያላት የኪስ ደብተር ወጣች። ሽፋኗን ከብስኩት ካርቶን ቁረጡ። እጥፋቱ ላይ በወስፌ ሦስት ቀዳዳ ብሱ። መርፌው ከውስጥ በመሐለኛው ይወጣል፣ በላይኛው ይገባል፣ በውስጥ አልፎ በታችኛው ይወጣል፣ ተመልሶ በመሐለኛው ይገባል። ሁለቱን የክር ጫፎች በረጅሙ ክር ግራና ቀኝ አድርጋችሁ ቋጥሯቸው። ስቴፕለርም ይሠራል፤ በጅማ እርጥበት ግን ሽቦው ዝጎ ወረቀቱን ያቆሽሻል። እኔ ክር ነው የማምነው።

አሁን ስለ ቃጫ ልንገራችሁ፤ ማንም አይነግራችሁም። ወረቀት የደቃቅ ቃጫ ንጣፍ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ቃጫው በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል። ቃጫውን ተከትላችሁ ስታጥፉት እሺ ይላል፤ አቋርጣችሁ ስታጥፉት ይሰነጣጠቃል። ለማወቅ ጥጉን ቀደድ አድርጉ። በቃጫው በኩል ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፣ በሌላው በኩል ይንጋደዳል። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ቃጫው ብዙ ጊዜ በረጅሙ ጎን ነው የሚተኛው። ያቺ የኪስ ደብተር የምታምርበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ እጥፋቷ ሳናስበው ቃጫውን ተከትሏል።

ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ጀማሪ ሳለሁ 40 መዝገብ ጠረዝኩ። ካርቶን ለመቆጠብ ብዬ አንዱን ሽፋን በቁሙ፣ አንዱን በጎኑ ቆረጥኩ፤ የካርቶኑም ቃጫ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ሆነ። ሐምሌ ነበር። የጅማን ሐምሌ ታውቁታላችሁ። በሳምንቱ የመዝገቦቹ ሽፋን እንደ አክንባሎ ጎበጠ። አለቃዬ አንድ ቃል አልተናገረም። አንዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና በጣቱ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ አደረገው። እስካሁን ድምፁ ይሰማኛል።

ባለቀለም ወረቀት ካገኛችሁ፣ የድሮ ካሌንደር ለምሳሌ፣ ዶቃ ይሆናል። መሠረቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር የሆነ ረጅም ሦስት ማዕዘን ቁረጡና ከሰፊው ጫፍ ጀምራችሁ ስንደዶ ላይ ጠቅልሉት። ጫፉን በኮላ ያዙት፣ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ቀቡት። ካልተቀባ የአንገት ላብ ያፈርሰዋል።

ብጥስጣሹን ዘፍዝፋችሁ፣ ወቅጣችሁ፣ ከዱቄት ሙጫ ጋር አቡክታችሁ በሳህን ጀርባ ላይ መለሰን ትችላላችሁ። ግን በበጋ ይሁን፤ በክረምት ሳይደርቅ ይሻግታል። የዱቄት ሙጫን አይጥም ይወደዋል። የእኔን የመጀመሪያ ሳህን በአንድ ሌሊት ግማሹን በልታልኛለች።

ሁለት ነገር ግን ከከረጢቱ አውጡ። አንደኛው የባንክ ማሽን የሚተፋው ደረሰኝ ነው። በሙቀት እንዲጠቁር ኬሚካል የተቀባ ነው፤ ትኩስ የቡና ሲኒ አስቀምጡበትና እዩት። ለልጅ መጫወቻ አይሆንም። ሁለተኛው የሰው ስምና ጉዳይ ያለበት ወረቀት ነው። አንድ ቀን ቆሎ የተጠቀለለልኝ በአንድ የማላውቀው ሰው የምርመራ ውጤት ነው። ቆሎው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እንዲህ ያለውን ዘፍዝፋችሁ አሟሙት እንጂ ደብተር አታድርጉት።

በነገራችን ላይ ቁራጭ መቀጠል የዛሬ ፈጠራ አይደለም። የድሮ የብራና ክታብ አይታችሁ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጠባብ ቁራጮች ጫፍና ጫፋቸው ተሰፍተው ነው የረዘመው።

ልጅቷ እስካሁን ወደ ሃያ የኪስ ደብተር ሰፍታለች። ሁለቱን የወሰደችው እኛ ሰፈር ቡና የምታፈላው ሴትዮ ናት። ዱቤ ትጽፍባቸዋለች። የእኔ ስም ሦስተኛው ገጽ ላይ አለ፤ ጡረታዬ እስኪገባ ድረስ።