በረዳት አሰልጣኝነት ለመኖር ለምታስቡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በተደረገ የኢትዮጵያውያን ዝግጅት ላይ አንድ የኮሌጅ ተማሪ ቀረብ ብሎ፣ «ጋሼ፣ በአሜሪካ ፉትቦል ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ የጀመረ ሰው ዋና አሰልጣኝ እስኪሆን ስንት ዓመት ይፈጅበታል?» ሲል ጠየቀኝ። እዚያው አጭር መልስ ሰጥቼው ተለያየን፤ ይሁን እንጂ ጥያቄው የቆየ ቁጭት ስለቀሰቀሰብኝ ረዘም አድርጌ ልጽፍላችሁ ወደድኩ።

በአሜሪካ ፉትቦል ከፍተኛው ሊግ በኤንኤፍኤል ያሉት ቡድኖች 32 ስለሆኑ የዋና አሰልጣኝ ወንበርም 32 ብቻ ነው፤ በየቡድኑ ግን ሃያ ገደማ ረዳቶች ይሠራሉ። የእኔ የረዳትነት ሥራ መጀመሪያ የተጋጣሚን ፊልም እየቆራረጡ ኳሱን ወደፊት ለመግፋት በቀረው ርቀትና በተጫዋቾች አሰላለፍ መመደብ፣ በኋላም የአጥቂውን መስመር፣ ማለትም ከፊት ተሰልፈው ኳስ ወርዋሪውን የሚጠብቁትን ግዙፍ ተጫዋቾች፣ የሚያሠለጥነውን ሰው ማገዝ ነበር። ማክሰኞ ተጫዋቾቹ ሲያርፉ እኛ የሳምንቱን የጨዋታ ዕቅድ ስናወጣ እናመሽ ነበር፤ ያንን ሥራ ደግሞ ከልቤ እወደው ነበር።

አንድ ዓመት በፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ ሊጉ ከኮሌጅ የሚመጡ ተጫዋቾችን በሚፈትንበት በኢንዲያናፖሊስ፣ የሌላ ቡድን አሰልጣኝ በሆቴሉ መተላለፊያ አስቆመኝና «ለመሆኑ እኛን ለምን ጠላኸን?» አለኝ። ለካ የመስመር አሰልጣኝ ሊያደርጉኝ ፈልገው ቡድኔን የቃለ መጠይቅ ፈቃድ ጠይቀው ኖሯል፤ ቡድኔም «ውሉ አንድ ዓመት ይቀረዋል፣ እሱም መሄድ አይፈልግም» ብሎ መልሷቸዋል። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም። በአለቆቼ ላይ ላለመናገር ስል «ልጆቼ ትምህርት ቤቱን ስለለመዱት ነው» አልኩት። እሱም ራሱን ነቅንቆ ወሬውን ቀየረና በዚያ ቀን ስላየው አንድ ታክል፣ በመስመሩ ጫፍ ስለሚሰለፍ ተጫዋች፣ ያጫውተኝ ጀመር፤ ልጁ እንደ ግንብ የገዘፈ ሆኖ ሳለ እግሩ ግን የቀለለ ነበር፤ ሁለታችንም ቡድኖች ከኮሌጅ የሚመጡትን በየተራ ሲመርጡ በመጀመሪያው ዙር ይመረጣል ብለን ተስማማን፤ አልተመረጠም።

ከዚያ በኋላ ያለውን የውድድር ዘመን ከአለቃዬ ከዋና አሰልጣኙ ጋር ጠዋት ጠዋት ቡና እየጠጣን ሠራን፤ በስብሰባም ላይ ታማኝነቴን እያነሳ ያመሰግነኝ ነበር። የመጨረሻው ጨዋታ በተደረገ ማግሥት ሰኞ እሱ ተባረረ፤ እኛም አብረን ወጣን፤ ቀረው የተባለው ዓመትም በዚያው አለቀ። የሥራው ማምለጥ ብዙም አይቆጨኝም፤ የሚቆጨኝ በዚያ ሁሉ ጠዋት «ሌላ ቡድን ጠይቆኝ ነበር ወይ?» ብዬ አለመጠየቄ ነው። ታላቅን ፊት ለፊት መጠየቅ ነውር በሆነበት ቤት ነው ያደግሁት፤ እዚህ አገር ግን ዝም ያለ ሰው እንደ ተስማማ ይቆጠራል።

ከእኔ የባሰ የደረሰበት ሰው አለ። ቢል ዋልሽ በሲንሲናቲ ቤንግልስ ስምንት የውድድር ዘመን ረዳት ሆኖ ከሠራ በኋላ፣ ፖል ብራውን እ.ኤ.አ. በ1976 መጀመሪያ ከአሰልጣኝነት ሲለቅ ቦታውን ለሌላ ረዳት ሰጠበት፤ ዋልሽ ግን በ1979 ሳን ፍራንሲስኮን ተረክቦ ሱፐር ቦውል የሚባለውን የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ ሦስት ጊዜ አሸነፈ። ስለዚህ ትልቁን ወንበር ተመኙ እላችኋለሁ። ነገር ግን ዲክ ለቦ የቤንግልስ ዋና አሰልጣኝ በነበረበት ጊዜ 12 አሸንፎ 33 ጨዋታ ተሸንፏል፤ በ2004 ወደ ፒትስበርግ ተመልሶ መከላከሉን ሲመራ ደግሞ ቡድኑ ሁለት ሱፐር ቦውል ወሰደ። የኒው ኢንግላንዱ ዳንቴ ስካርኔኪያም ጡረታ ወጥቶ ሳለ በ2016 መስመሩን እንዲያሠለጥን ተመልሶ ተጠርቷል። እነዚህን ሳስብ የመመኘቱን ምክር መልሼ ልወስደው ይቃጣኛል።

የዛሬ ወጣቶች፣ ቅር አይበላችሁና፣ ሥራውን ሳታውቁት ማዕረጉን በስልካችሁ ታውጃላችሁ። እኛ ሌሊቱን ሙሉ የምንደክምበትን የፊልም ሥራ በኮምፒውተር በአጭር ጊዜ እንደምትጨርሱት አይቻለሁ፤ በዚህ እቀናባችኋለሁ። የተረፈውን ጊዜ ተጫዋቹን ለማወቅ ብታውሉት ደግሞ ደስ ይለኛል።

ሊጉ በ2020 ባወጣው ደንብ መሠረት ውል ያለው ረዳት ለማጥቃት ወይም ለመከላከል ክፍል አስተባባሪነት ሲጠየቅ ቡድኑ ቃለ መጠይቁን መከልከል አይችልም። ይህ መልካም ነው፤ እኔ በነበርኩበት ደረጃ ላለ ሰው ግን አይጠቅመውም። ስለዚህ ውል ስትፈርሙ ቡድኑ እስከ መቼ ሊይዛችሁ እንደሚችል ጠበቃ ያንብብላችሁ፤ በየዓመቱ የውድድር ዘመኑ እንዳለቀም አለቃችሁን በአክብሮት፣ ግን በግልጽ፣ የጠየቃችሁ ቡድን መኖሩን ጠይቁት።