የመብረቅን ብልጭታ በካሜራ ስለማስቀረት

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ብልጭታውን አይተው ቁልፉን ሲጫኑ ፎቶው ላይ ጨለማ ብቻ የሚቀርበትን ምክንያት ጠይቀዋል። መብረቅ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ብልጭ ብሎ ስለሚጠፋ፣ ዓይን አይቶ ጣት እስኪታዘዝ ያመልጣል። ስለዚህ ሌሊት ካሜራውን ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ አቁመው፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 100፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ) ኤፍ 8 አድርገው፣ ሹተሩን (የብርሃኑን መዝጊያ) ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ክፍት እያደረጉ ደጋግመው ያንሱ፤ በዚያ መካከል የወረደው መብረቅ ራሱ ምስሉን ይስላል። ፎከሱን (ምስሉ ጠርቶ የሚታይበትን ርቀት) ግን በእጅ፣ ሩቅ ባለ የመንገድ መብራት ላይ ያስተካክሉ፤ አውቶፎከስ፣ ማለትም ካሜራው ራሱ የሚያስተካክለው ፎከስ፣ ጨለማ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ስንት ጥሩ ብልጭታ አሳልፎብኛል። ከሁሉ በላይ የምለምንዎት፣ እንደ እንጦጦ ባለ ከፍታ ላይ ቆመው እንዳያነሱ ነው፤ ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ 30 ሴኮንድ ካልሞላ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ባነሰ ርቀት ላይ ነውና፣ ቤት ገብተው መብራቱን አጥፍተው በተዘጋ መስኮት በኩል ያንሱ።